ዘይቱ በየት ነው የሚወጣው?

የቮልስ ሞተር ያለው ከኋላ ነው። ክዳኑን የከፈተ ሰው ቀድሞ የሚያየው ችንጋውን የሚያዞረውን ፑሌጃ ነው። ፑሌጃው በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ ታስሯል፤ ከጀርባው ደግሞ ዘንጉ ከሞተሩ የሚወጣበት ክብ ቀዳዳ አለ። ሞተሩ ውስጥ የሚረጨው ዘይት በዚህ ቀዳዳ እንዳያመልጥ የሚከለክለው ምንድን ነው? በሌላ መኪና ላይ የሠራ መካኒክ «ኦይል ሲል ነዋ!» ብሎ ይመልሳል። ቮልስ ግን በዚህ ጫፉ ኦይል ሲል የለውም። የፑሌጃው አንገት ላይ እንደ ብሎን ጥርስ እየተጠመዘዘ የሚሄድ ቦይ ተቀርጿል፤ ሞተሩ ሲዞር ቦዩ ሊወጣ የደረሰውን ዘይት እየጠረገ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። ላስቲክ የለ፣ ቆዳ የለ፣ በየጊዜው የሚቀየር ነገር የለ።

ይህን መላ ያመጡት መሐንዲሶች ከመወለዳቸው በፊት የማሽን ሠሪዎች ትውልድ በዚሁ ጥያቄ ሲቸገር ኖሯል። የቆመን ነገር መክደን ቀላል ነው። የሚዞረውን ዘንግ ሳያስቆሙ በዙሪያው ያለውን ፈሳሽ መያዝ ግን ሌላ ጣጣ ነው፤ መድፈኛው ሲጠብቅ ይፋጫል፣ ይሞቃል፣ ያልቃል፤ ሲላላ ያፈሳል። ለዚህ በተለያየ ዘመን ከተገኙት መልሶች ብዙዎቹ፣ ቡሹም፣ ወረቀቱም፣ ላስቲኩም፣ ቦዩም፣ በአንድ የቮልስ ሞተር ላይ ጎን ለጎን ይገኛሉ። አሮጌ ቮልስ ዘይት ሲያፈስ መፍትሔው ቀላል ወይም ከባድ የሚሆነው ያፈሰሰው ክፍል የየትኛው መልስ እንደሆነ በማወቅ ነው።

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተሩን ፒስተን የደፈነው በሞራ በተነከረ የቃጫ ገመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1795 ጆሴፍ ብራማ የተባለ እንግሊዛዊ በውሃ ግፊት ለሚሠራ መጭመቂያ የፈጠራ መብት አገኘ፤ ውሃው ግን በዘንጉ ዙሪያ እያመለጠ አስቸገረው። መላውን ያመጣለት በወርክሾፑ ይሠራ የነበረው ሄንሪ ሞድስሊ እንደሆነ ይነገራል። ሞድስሊ ከንፈሩ ወደ ውሃው የዞረ የቆዳ ቀለበት አበጀ። ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ውሃው ራሱ ከንፈሩን ዘንጉ ላይ ይጫነዋል፤ አምልጦ ሊወጣ የሚታገለው ኃይል መውጫውን ይዘጋል። ዛሬ መርካቶ ሶማሌ ተራ በየመደብሩ የሚሸጠው ኦይል ሲል የተሠራበት ነገር ተለወጠ እንጂ ሐሳቡ ይኸው ነው።

የቤንዚን ሞተር ሲመጣ ግን ዘይትን መያዝ የማንም ጭንቀት አልነበረም። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የታወቀው የፈረንሳይ ኖም የአውሮፕላን ሞተር ከነሲሊንደሮቹ የሚሽከረከር ነበር። የሚቀባው በጉሎ ዘይት ሲሆን፣ ዘይቱ አንድ ጊዜ ካገለገለ በኋላ ከተቃጠለው ጋዝ ጋር ወደ ውጭ ይረጫል። አብራሪዎች ፊታቸውና ልብሳቸው በዘይት ርሶ ያርፉ ነበር። በምድር የሚሄደውም እምብዛም አይሻልም፤ በብዙ የጥንት ሞተር ሳይክሎች ነጂው በእጁ ፓምፕ እየገፋ ለሞተሩ ዘይት ይሰጣል፣ የተሰጠው ዘይት ተመልሶ አይመጣም። እንዲህ ላለ ማሽን ማፍሰስ ብልሽት ሳይሆን የአሠራሩ አካል ነበር።

በአዲስ አበባ የመጀመሪያው መኪና የታየው በዚያ ዘመን ነው። እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ በ1900 ዓ.ም. ሲድሊ መኪና ይዞ ዐፄ ምኒልክ ዘንድ ሲደርስ፣ ለእንዲህ ያለው ማሽን ዘይት የሚሸጥ ሱቅም ሆነ የሚጠግን ጋራዥ በአገሩ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1927 ከ15 ሚሊዮን በላይ የተመረተው የፎርድ ሞዴል ቲ ዘይቱን እየሰበሰበ መልሶ ይጠቀምበታል። ፓምፕ ግን የለውም፤ የሚዞረው ፍላይዊል ዘይቱን እየቀዳ ይረጨዋል፤ ሞተሩና ካምቢዮው የሚሠሩትም በአንድ ዘይት ነው። የዘይቱን መጠን ለማወቅ ነጂው መኪናው ሥር ገብቶ ከሁለት ትናንሽ ቧንቧዎች ጋር ይታገላል። ከላይኛው ዘይት ከወጣ ሞልቷል፤ ከታችኛው ካልወጣ ደግሞ መኪናው ከቦታው መንቀሳቀስ የለበትም። የዘመኑ ነጂ እጁና ልብሱ ዘይት መንካቱን እንደ ነውር አይቆጥረውም ነበር፤ ከመኪናው ጋር የመጣ ሥራ ነውና።

ለውጡ የመጣው ካልተጠበቀ ሙያ፣ ከቆዳ ፋቂዎች ዘንድ ነው። በጀርመን ቫይንሃይም ከተማ የፍሮይደንበርግ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. ከ1849 ጀምሮ ቆዳ ሲያለፋ ኖሯል። በ1929 የዓለም ኢኮኖሚ ሲናጋ የቆዳ ገበያውም አብሮ ተናጋ፤ ፋብሪካው ለቆዳው ሌላ ሥራ መፈለግ ነበረበት። የመኪና ፋብሪካዎች ደግሞ ዘንግ የሚደፍን ጥሩ ቆዳ ይፈልጉ ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በኦስትሪያዊው መሐንዲስ በቫልተር ሲመር ስም «ሲመሪንግ» የተባለው፣ በብረት ታቅፎ እንደ አንድ ዕቃ ተጠቃልሎ የሚገጠም የቆዳ ኦይል ሲል ገበያ ላይ ዋለ። በቺካጎም የማሽን ችንጋ የሚሆን ቆዳ ሲያዘጋጅ የቆየው ቺካጎ ራውሃይድ የተባለ ኩባንያ ወደዚሁ ሥራ ዞረ። የመኪናን ዘይት በቤቱ ያስቀመጡት በመጀመሪያ እነዚህ የቆዳ ባለሙያዎች ናቸው፤ የሞተር ታሪክ ሲጻፍ ግን ስማቸው ብዙም አይነሳም።

ቆዳ የራሱ ድካም አለው። ሲደርቅ ይኮማተራል፣ በሙቀት ይጠነክራል። የተፈጥሮ ላስቲክ ደግሞ የማዕድን ዘይት ሲነካው አብጦ ይለሰልሳል፤ በዚህ ምክንያት ለሞተር አይሆንም። መፍትሔው የተገኘው በኬሚስቶች እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 በአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ የዋላስ ካሮዘርስ ቡድን ኒዮፕሪንን አገኘ፤ በዚያው ዐሥር ዓመት የጀርመን ኬሚስቶች ዘይት የሚችለውን ናይትራይል ላስቲክ አወጡ። ከንፈሩ ከቆዳ ወደ ላስቲክ ተለወጠ። ዙሪያውን የታሰረች ቀጭን የጥምዝ ሽቦ ስፕሪንግ ከንፈሩን ዘንጉ ላይ ትይዘዋለች፤ ከንፈሩ ዘንጉን የሚነካው ከአንድ ሚሊ ሜትር ባነሰ ጠርዝ ነው። በአንድ ደቂቃ አራት ሺህ ጊዜ ለሚዞር ዘንግ ዘብ የቆመው ያ ጠርዝ ነው።

የቮልስ ንድፍ የተወለደው በዚሁ ዐሥር ዓመት ውስጥ ነው። ፈርዲናንድ ፖርሼ የሚመራው ቡድን በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ርካሽ የሕዝብ መኪና ሲቀርጽ፣ የሞተሩን ንድፍ ያወጣው ፍራንዝ ራይምሽፒስ ነበር። አራት ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ተጋድመዋል፤ ራዲያተር የለም፣ ውሃ የለም፤ የሚያቀዘቅዘው አየርና ዘይት ብቻ ነው። ዘይቱ ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ሲሆን፣ የሚያጣራው ከሥር ያለች የሽቦ ወንፊት ናት። እዚህ ላይ የአየር ሞተር ከውሃ ሞተር ይለያል። የውሃ ሞተር ባለቤት ግማሽ ሊትር ዘይት ቢጎድልበት ማለስለሻ ነው የጎደለበት፤ የቮልስ ባለቤት ግን ማቀዝቀዣም ጭምር ነው የጎደለበት፣ ያውም ከትንሽ ላይ። በቮልስ «ትንሽ ነው የሚያፈሰው» ተብሎ ዝም የማይባለው ለዚህ ነው።

የሞተሩ ቤት ሌላም አስደናቂ ነገር አለው። ከማግኒዥየም ቅይጥ የተሠራ ሲሆን፣ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ተከፍሎ እንደገና በብሎን ይገጠማል። በሁለቱ ግማሾች መካከል ጋስኬት የለም። ሊኖርም አይችልም፤ የክራንክ ሻፍቱ ኩሽኔታዎች የሚቀመጡት በዚያው መጋጠሚያ ላይ ነውና ወረቀት ቢገባበት ክቡ ቀዳዳ ይበላሻል። ብረት በብረት ላይ ይቀመጣል፣ በመሃሉ በስሱ ማስቲሽ ይቀባል፤ በቃ። ከመግጠማቸው በፊት ሁለቱን ፊቶች ያላጸዳ ወይም የጫረ ሰው በኋላ በየትኛውም ማስቲሽ አይድንም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቮልስን ፋብሪካ ለወታደራዊ መኪና አዋለው። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዛዊው ሻለቃ አይቫን ኸርስት በፋብሪካው ከተማ በቮልፍስቡርግ ፍርስራሽ መሃል ምርቱን አስቀጠለ፤ እ.ኤ.አ. በ1955 አንድ ሚሊዮንኛው ቮልስ ወጣ፣ በየካቲት 1972 ደግሞ ቁጥሩ የሞዴል ቲን አለፈ። የመጨረሻው በሜክሲኮ ፑዌብላ ሲመረት ዘመኑ 2003 ነበር፤ በድምሩ ከ21 ሚሊዮን ተኩል በላይ ሆኖ ነበር።

አዲስ አበባም ድርሻዋን አገኘች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ዐፄ ኃይለ ሥላሴን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሲያወጣቸው ያሳፈራቸው በቮልስ ነበር። ድርጊቱ ብዙ የተባለለት በንጉሠ ነገሥቱና በመኪናዋ መካከል ስላለው ርቀት ነው፤ ለመኪና ታሪክ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። በዚያን ጊዜ ቮልስ በከተማዋ የትም የምትገኝ፣ መምህሩም፣ ነጋዴውም፣ መሥሪያ ቤቱም የሚነዳት መኪና ሆና ነበር። ራዲያተር የሌላት መኪና የዓባይን በረሃ ስትወጣ ውሃ ይፈላብኛል ብላ አትሰጋም። ሞተሯ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ብቻ ስለሆነ፣ ክሪክና ሁለት ሰው ካለ ጥላ ሥር ወርዶ ሊሠራ ይችላል።

የሚያወርዱት ሰዎችም ነበሩ። ከጣሊያን ወረራ ዘመን የቀሩት ጋራዦች ውስጥ ብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆች ቁልፍ እያቀበሉ ሙያውን ለምደዋል፤ ቴስታታ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፑሌጃ እያሉ መናገርም ከዚያ ቀርቷል። በ1934 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ደግሞ ሙያውን በመጽሐፍና በንድፍ ያስተምር ጀመር። ከሁለቱ መንገዶች የመጡት ሰዎች በአንድ ግቢ ሲሠሩ፣ አንዱ በዓይኑ የሚያውቀውን ሌላው በቁጥር ያውቀዋል። የጥሩ ጋራዥ ጥንካሬ እዚህ ላይ ነበር።

ጋስኬት በእጅ የመቁረጥ ጥበብ የዚህ ጥምረት ፍሬ ነው። መለዋወጫ በሌለበት ጊዜ መካኒኩ ወፍራም ወረቀት ክዳኑ ላይ አንጥፎ፣ በመዶሻ ራስ ጠርዙን በዝግታ ይመታዋል፤ የብረቱ ጠርዝ ራሱ ወረቀቱን ይቆርጠዋል። ለብዙ ክዳን ይህ ከበቂ በላይ ነው። ለቮልስ የዘይት ፓምፕ ክዳን ግን አደጋ አለው። የፓምፑ ጥርሶችና ክዳኑ መካከል ሊኖር የሚገባው ክፍተት እጅግ ጠባብ ስለሆነ፣ የፋብሪካው ጋስኬት ስስ ነው። ወፍራም ወረቀት ከገባ ክዳኑ ማፍሰሱን ያቆማል፣ የዘይቱ ግፊት ግን ይወርዳል። ከውጭ የታየው ጠብታ ጠፍቶ ከውስጥ ኩሽኔታው ይበላል። ቁጥሩን የሚያውቀው ሰው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

አሁን መኪናዋ ሥር ገብቶ ማየት ይቻላል። ልምድ ያለው መካኒክ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዘይቱ የቱ እንደሆነ ነው፤ የካምቢዮ ዘይት ወፈር ይላል፣ የድኝ ሽታም አለው። ቀጥሎ ያጥባል። በናፍታና በብሩሽ ሞተሩን ከላይ እስከ ታች አጥቦ፣ አድርቆ፣ የተጠረጠረው ቦታ ላይ ታልክ ዱቄት ነስንሶ፣ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፤ የሞተሩ ማራገቢያም ይገፋዋል። በጣም የረጠበው ቦታ ብዙ ጊዜ ያፈሰሰው ቦታ አይደለም። ሳያጥቡ የሚጀምሩ ሰዎች የማያፈሰውን ይፈታሉ፤ ማጠቡ ከሥራው ሁሉ ርካሹ ነው፣ ግን በብዛት የሚታለፈውም እሱ ነው።

ከቴስታታው ሥር የተንጠለጠሉት የቫልቭ ክዳኖች የቡሽ ጋስኬት አላቸው፤ የሚይዛቸው ብሎን ሳይሆን የሽቦ ቅንፍ ነው። ቡሽ ከዛፍ ልጣጭ የሚገኝ ነገር ስለሆነ በጊዜ ብዛት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ቫልቩ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ስለሚስተካከል ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ጋስኬቱን መቀየር ተገቢ ነው። ማስቲሽ የሚቀባው በክዳኑ በኩል ብቻ ነው፤ በቴስታታው በኩል ግራሶ ይበቃል፤ አለበለዚያ ሲከፈት ቡሹ ተቀዶ ይወጣል።

ከሥር ያለችው የወንፊት ክዳን በስድስት ትናንሽ ዳዶዎች ትታሰራለች፣ ከዳዶዎቹ ሥር የመዳብ ዋሸር አለ። የፋብሪካው የማጥበቂያ ልክ 7 ኒውተን ሜትር ያህል ነው፤ በአጭር ቁልፍ በሁለት ጣት የሚጠብቅ ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚፈጸመው ስሕተት የታወቀ ነው። ያፈሳል ብለው ያጠብቁታል፤ ሲጠብቅ የክዳኑ ሳህን ይጎብጣል፤ ስለጎበጠ ይብስ ያፈሳል፤ እንደገና ሲያጠብቁት ከለስላሳው ማግኒዥየም ውስጥ ፔርኖው ተነቅሎ ይወጣል። ሳህኑን ጠፍጣፋ ብረት ላይ አስቀምጦ አቃንቶ፣ ሁለቱን ወረቀቶችና ስድስቱን ዋሸሮች ቀይሮ መግጠም ግን የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ቮልስ በጣም የምትታወቅበት መፍሰሻ ስምንቱ የቫልቭ መግፊያ ዘንግ ቱቦዎች ናቸው። ስስ ቆርቆሮዎች ሲሆኑ፣ በሁለት ጫፋቸው እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ አንገትና የላስቲክ ቀለበት አላቸው። ሞተሩ ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲቀዘቅዝ ያጥራል፤ እጥፋቱ ይህን እንዲከተል የተበጀ ነው። ዓመታት ካለፉ በኋላ ላስቲኩ እንደ ፕላስቲክ ይደርቅና ዘይቱ ቱቦዎቹ ሥር ባለው የጭስ ማውጫ ማሞቂያ ላይ ይንጠባጠባል። ወደ መኪናዋ ውስጥ የሚገባው ሙቅ አየር በዚያ በኩል ስለሚያልፍ የተቃጠለ ዘይት ሽታ አብሮ ይገባል፤ ብዙ ባለቤቶች መፍሰሱን የሚያውቁት ዘይቱን አይተው ሳይሆን ሸትቷቸው ነው። ቱቦው በፋብሪካው መንገድ እንዲቀየር ቴስታታው መፈታት አለበት። አዲሱ ከመገጠሙ በፊት እጥፋቱ በእጅ ትንሽ ይለጠጣል፣ የቆርቆሮው ስፌትም ወደ ላይ እንዲሆን ይደረጋል፤ ስፌቱ ከተከፈተ ዘይት የሚተኛው ከታች ነውና።

ወደ ካምቢዮው የዞረው የክራንክ ሻፍት ጫፍ ላይ እውነተኛ ኦይል ሲል አለ። እሱ ሲያፈስ ፍሪሲዮኑ በዘይት ርሶ ይንሸራተታል፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ሲጮህ መኪናዋ ፍጥነት አትጨምርም። ሞተሩ ይወርዳል፣ ፍላይዊሉ ይፈታል፣ አዲሱ ዙሪያውን እኩል እየተገፋ ይገባል። ዛሬ ሙቀት የሚችል ቀይ የሲልከን ዓይነትም ይገኛል። የፍላይዊሉ አንገት ላይ አሮጌው ከንፈር የፋቀው ጎድጓዳ መስመር ካለ ግን አዲሱም ዕድሜው አጭር ነው።

ከቱቦ የሚወጣ የሲልከን ማስቲሽ በዚህ ሁሉ ላይ እየተቀባ የሚታየው ቀላል ስለሆነ ነው። በልኩ ከሆነ ጠቃሚ ነው። ሲበዛ ትርፉ ወደ ሞተሩ ውስጥ ይጨመቃል፣ ተቆርጦ ይወድቃል፣ በዚያች አንዲት ወንፊት ላይ ይከመራል። ዘይት ውስጥ የሚጨመረው የመፍሰስ ማቆሚያም የደረቀ ላስቲክ እንዲያብጥ ያደርጋል፤ ለተቀደደ ቡሽና ለጎበጠ ሳህን ግን ምንም አያደርግም።

እነዚህን የመሳሰሉ ሥራዎች ወደፊት ይበዛሉ እንጂ አይቀንሱም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍታ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ፣ በኢትዮጵያ ያሉት አሮጌ መኪኖች ዕድሜያቸው የሚረዝመው በጥገና ነው።

አንድ ዓይነት መፍሰስ ግን በጋስኬት አይድንም። የፒስተኑ ፋሻ ሲያልቅ የቃጠሎው ጋዝ ወደ ሞተሩ ቤት ይወርዳል፤ ግፊቱም ዘይቱን በየመጋጠሚያው ይገፋዋል። ያን ጊዜ የፑሌጃው ቦይ እንኳ አይችለውም። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ሞተሩ ሥራ ላይ ሳለ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ጭሱ በኃይል ይወጣል። ከዘይት መሙያው አንገት ወደ አየር ማጣሪያው የሚሄደው ቱቦ አለመደፈኑ መታየት አለበት፤ ቱቦው ክፍት ሆኖ ግፊቱ ካለ ፋሻው አልቋል። የቮልስ ንድፍ እዚህም ላይ ለባለቤቱ ይራራል። በብዙ መኪኖች ሲሊንደሩ የሞተሩ አካል ስለሆነ ወደ ቶርኖ ቤት ይሄዳል፤ የቮልስ ሲሊንደሮች ግን ለየብቻቸው የቆሙ ናቸው። ቴስታታው ከተፈታ በኋላ አንድ በአንድ በእጅ ተስበው ይወጣሉ፤ አዲሶቹም ከነፒስተናቸውና ከነፋሻቸው አራቱም አብረው ይሸጣሉ። ቴስታታው አንዴ ከወረደ ደግሞ ስምንቱ ቱቦዎች አዲስ ላስቲክ ያገኛሉ።